ዝናብ የሚያስገባው የስፖርት አውቶሞቢል

አሮጌ አውቶሞቢል ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጆሮውን የሚያዘነብለው ወደ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ያንኳኳ ወይም የጨሰ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ በመስተዋቱ ዳር ያለው ጥቁር ክፈፍ ሲላጥና የበሩ ጎሚኒ ሲሰነጠቅ ግን፥ ይህስ የመልክ ነገር ነው ብሎ ያሳድረዋል። የመልክ ነገር ብቻ አለመሆኑን በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ፥ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቤት ተገኝተን ስለ ተመለከትን፥ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ወደድን።

የተነጋገርንበት አውቶሞቢል ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የተባለው፥ አሜሪካኖች ሚያታ እያሉ የሚጠሩት፥ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ትንሽ የስፖርት አውቶሞቢል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር፥ በቺካጎ በተደረገው የአውቶሞቢል ኤግዚቢሽን ነበር። የሚሠራው በጃፓን አገር በሂሮሺማ ነው፤ አሳቡ ግን የተወሰደው በ1960ዎቹ ዓመታት እንግሊዞች ይሠሯቸው ከነበሩት ቀላልና ክፍት አውቶሞቢሎች ነው። እነዚያ የእንግሊዝ አውቶሞቢሎች እጅግ ያማሩ ቢሆኑም ዘይት ማንጠብጠብና ባለቤታቸውን በመንገድ ላይ ማቆም ልማዳቸው ስለ ነበር፥ ጃፓኖች ውበቱን ይዘው ብልሽቱን አስቀሩ። ስለዚህም በ2000 ዓ.ም. የተሠሩት ቁጥር 531,890 በደረሰ ጊዜ፥ ከሁለት መቀመጫ የስፖርት አውቶሞቢሎች ሁሉ በብዛት የተሸጠ ተብሎ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ ተጻፈ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሚሊዮን ሞላ። ብልሽቱን አስቀሩ አልን እንጂ ዝናቡን ያስቀረ ግን የለም። የሸራ ጣሪያ ያለው አውቶሞቢል ከዝናብ ጋር የሚኖረው በስምምነት ነው፤ ስምምነቱን ሰው ካልጠበቀው ውሃው ይገባል።

በዚህ ቤት ያለው ቀይ አውቶሞቢል በ1990 ዓ.ም. የተሠራ ነው። የቤቱ አባወራ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዱ ባጠራቀሙት ገንዘብ ከሌላ ሰው እጅ ገዙት። «ሁለት ወንበር ያለው መኪና ለአራት ሰው ቤት ምን ይሠራል እያልሁ ስጣላቸው ኖርሁ» ሲሉ ባለቤታቸው ነገሩን። አባወራው ግን እሑድ እሑድ ጣሪያውን አጥፈው፥ ሁለቱን ልጆች ተራ በተራ ከጎናቸው እያስቀመጡ ያንሸራሽሩ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ባረፉ ጊዜ አውቶሞቢሉ በግቢው ባለው የወርካ ያህል በሚሰፋ የባሉጥ ዛፍ ሥር ቆሞ ቀረ።

ወንዱ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው አወጣውና መንዳት ጀመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ዝናብ በዘነመ ማግስት ምንጣፉ ይርስ፥ መስተዋቱም በውስጥ በኩል በላበት ይሸፈን ጀመር። ሽታውም እንደ ረጠበ ጆንያ ሆነ። ታናሽ እኅቱ አስም አለባትና ሁለት ጊዜ አብራው ተቀምጣ ሁለቱንም ጊዜ ሳል ይዟት ተመለሰች። እናትየው የልጂቱን ሳል በሰሙ ጊዜ፥ ወይ ይጠገን ወይ ከግቢዬ ይውጣ ብለው ቆረጡ።

ልጁም ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። በዚያ የነበሩት ሠራተኞች ውሃው ከየት እንደሚገባ ሳይፈልጉ የበሩንና የጣሪያውን ጎሚኒ ሁሉ ለውጠው፥ የቀረውንም ክፍተት ለመታጠቢያ ቤት በሚሆን ሲሊኮን ለድፈው ብዙ ገንዘብ ተቀበሉ። በሚቀጥለው ዝናብ ምንጣፉ እንደ ቀድሞው ራሰ። ተመልሶ ቢጠይቃቸው፥ ወለሉ በዝገት ተበልቷልና ለቁርጥራጭ ብረት ሽጠው አሉት። ልጁ ይህን ለእናቱ ሲነግር፥ እርሳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ «አንተ ልጅ፥ በአባትህ ጊዜ ለምን ውሃ አይገባውም ነበር?» እርሱም ያን ጊዜ አዲስ ስለ ነበር ነዋ አላቸው። አባቱ ሲገዙት ግን አውቶሞቢሉ ከተሠራ ዐሥር ዓመት አልፎት ነበር።

እኛ ወደዚያ ቤት የሄድነው አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶሞቢል አካል ሥራ ባለሙያ ወዳጃችንን ይዘን ነው። ልጁ ጋሼ እያለ ይጠራቸዋል፤ እኛም እንዲሁ እንበላቸው። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት መሣሪያ ማንሣት ሳይሆን፥ ተንበርክከው እጃቸውን ከምንጣፉ ሥር ማስገባት ነበር። ከፊት በኩል፥ ከእግር ማሳረፊያው ሥር፥ ጥቂት እርጥበት አገኙ። ከወንበሮቹ በስተኋላ ግን ምንጣፉን ሲጫኑት ውሃው በጣቶቻቸው መካከል ወጣ። «ልጄ፥ ውሃ የተኛበት ቦታ ሁልጊዜ የገባበት ቦታ አይደለም፤ ዳሩ ግን ከሁለት በር የሚገባ ይመስለኛል» አሉት።

ጎሚኒ ለምን እንደሚያረጅ በጥቂቱ መናገር ያሻል። በዛሬ አውቶሞቢሎች በበርና በመስተዋት ዳር የሚገባው ጎማ ዝናብና ፀሐይ እንዲችል ተደርጎ በፋብሪካ የሚዘጋጅ ዓይነት ነው። ቢሆንም የፀሐይ ጨረር ለብዙ ዓመት ሲያርፍበት ፊቱ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃልም። ከዚህ የሚከፋው ግን በበሩና በአካሉ መካከል ለዓመታት ተጨፍልቆ ከመኖር የተነሣ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ማቃቱ ነው፤ ዓይን ሲያየው ደኅና ይመስላል፥ ነገር ግን በሩን አይገፋም። ሰዎች ለማለስለስ ብለው ቫዝሊን ወይም የሞተር ዘይት ይቀቡታል። ይህ ስሕተት ነው፤ ከነዳጅ ዘር የወጣ ቅባት ይህን ዓይነቱን ጎማ ያሳብጠዋል፥ ያበላሸዋልም። የሚበጀው ለስላሳ ሳሙና ባለው ውሃ አጥቦ ካደረቁ በኋላ የሲሊኮን ቅባት በጨርቅ በስሱ መቀባት ነው።

ጋሼ የጎሚኒውን ጉልበት የፈተኑት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱን በበሩ አፍ አስገብተው በሩን ዘጉና ጎተቱት። ወረቀቱ እየተያዘ በግድ የወጣ እንደ ሆነ ጎማው ይጫናል ማለት ነው፤ እንደ ቅቤ የተንሸራተተ እንደ ሆነ ግን አይጫንም። እንዲህ እያደረጉ በየአንድ ስንዝሩ ዞሩት። አዲሱ ጎሚኒ በሁለት ቦታ ወረቀቱን ለቀቀው። አንደኛው በበሩ ታችኛ ማዕዘን ነው፤ ይህ የሆነው የጋራዡ ሠራተኞች ጎማውን ሲያለብሱት ስለ ለጠጡት ነው። የተለጠጠ ጎማ ውሎ አድሮ ወደ ልኩ ይሰበሰባልና ማዕዘኑን ክፍት ይተወዋል። ሁለተኛው የጎን መስተዋቱ ከሸራው ጣሪያ ጎሚኒ ጋር በሚገናኝበት በኋለኛው ጫፍ ነበር።

የመጀመሪያውን ለማቅናት ጎማውን ከማዕዘኑ አውልቀው የመቀመጫውን ከንፈር ካጠቡ በኋላ፥ አሁን ሳይጎትቱ፥ ይልቁንም ወደ ማዕዘኑ እየገፉ መልሰው በመዳፍ መቱት። ለሁለተኛው ደግሞ በጣሪያው አጥንት ላይ ጎሚኒውን የያዘውን ቀጭን ብረት ብሎኖቹን በካቻቢቴ አላልተው፥ ወደ መስተዋቱ በጥቂቱ አስጠግተው አጠበቁት። ወረቀቱ ያዘ። ገንዘብ አልወጣበትም። የተለደፈውን ሲሊኮን ግን በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቀው ጣሉት። ሲደርቅ እንደ ሆምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን አሲድ ስላለበት ራቁቱን የቀረ ብረት ያዝጋል፤ ደግሞም የገባውን ውሃ መውጫ ይነሣዋል። ጋሼ ሲፍቁ ያጉተመተሙትን ቃል በዚህ ገጽ መጻፍ አይገባንም።

ከዚህ በኋላ የውሃ ፈተና ሆነ። ልጁ የእጅ ባትሪ ይዞ በውስጥ ተቀመጠ፤ ጋሼ የአትክልት ማጠጫውን ቧንቧ ያዙ። ውሃው እንደ ዝናብ በዝግታ መፍሰስ አለበት፤ በኃይል የተረጨ እንደ ሆነ ደኅናውንም ጎሚኒ አልፎ ይገባና ሰውን ያሳስታል። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ይገባል፤ ከላይ የጀመረ ሰው ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥበው የገባበትን ቀዳዳ ለይቶ ማወቅ አይችልም። በየቦታው ጥቂት ደቂቃ ቆዩበት። ውሃው በሩ ላይ በፈሰሰ ጊዜ ልጁ ከውስጥ «ጋሼ፥ ከበሩ ልባስ ሥር እየወጣ ነው!» ብሎ ጮኸ።

የዚህ ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። መስተዋቱ በሚወርድበት ስንጥቅ በኩል ውሃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የተፈጥሮ ነው፤ ፋብሪካው ይህን አውቆ በበሩ ግርጌ መፍሰሻ ቀዳዳዎች አበጅቷል። በበሩ ሆድና በውስጠኛው ልባስ መካከልም ውሃው ወደ ሰው እንዳይሻገር የፕላስቲክ ሽፋን በሚያጣብቅ ጥቁር ሙጫ ተለጥፏል። አንድ ጠጋኝ፥ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፥ የመስተዋቱን ማንሻ ለመጠገን ይህን ሽፋን ቀዶ እንዳለ ትቶታል። የግርጌውም ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ነበር። ቀዳዳዎቹን በእንጨት ከፈቷቸው፤ ሽፋኑንም በአዲስ ወፍራም ፕላስቲክ ለወጡት፤ ታችኛው ጫፉ ወደ በሩ ሆድ እንዲገባ አድርገው ዙሪያውን ለጠፉት። በዕቃ ማስቀመጫውም ውስጥ፥ ባትሪው በተቀመጠበት በቀኝ ማዕዘን፥ ጥቂት ውሃ ነበር፤ ይህ ከኋላ መብራቱ ዙሪያ ካለው ያረጀ መደብ የሚመጣ ነውና መደቡ ተለወጠ።

የፊተኛው እርጥበት በዚህ ተፈታ። የኋለኛው ግን አልተፈታም።

ጋሼ መሣሪያ ፍለጋ የዕቃ ማስቀመጫውን ሲያገላብጡ፥ ከትርፍ ጎማው አጠገብ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኙ። ሣር በሚታጨድበት መኪና ላይ የሚገባ ዓይነት የናይሎን ገመድ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ያህል፥ ጫፉ በእሳት ቀልጦ እንደ ሽምብራ ድቡልቡል የሆነ። ልጁ ለምን እንደሚሆን አያውቅም። እናትየውን ብንጠይቃቸው፥ «እርሳቸው በየዓመቱ ቅጠሉ ረግፎ ሲያበቃ ከወንበሩ ኋላ አጎንብሰው አንድ ነገር ይጎረጉሩበት ነበር፤ እኔ የመኪና ፍቅር ነው እላለሁ እንጂ አልጠየቅኋቸውም» አሉን። ጋሼ ገመዱን ይዘው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም የኋላውን መስተዋት እንዳይታጠፍና እንዳይሰነጠቅ በዚፑ ከፍተው አስተኙና ጣሪያውን አወረዱ።

የዚህ አውቶሞቢል ሸራ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት በኋላ በኩል አሸንዳ አለው። በሸራው ላይ የወረደው ዝናብ በዚህ አሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄድና፥ ከወንበር ቀበቶው ምሰሶ ኋላ በሚገኙ ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ በቱቦ ወርዶ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ከመኪናው ሥር ይፈሳል። ቀዳዳዎቹ ከዓይን የተሰወሩ ናቸው፤ እጅን አስገብቶ በዳሰሳ ማግኘት ነው። የባሉጥ ቅጠል ረግፎ፥ ከአቧራ ጋር ቦክቶ ቱቦውን የደፈነው እንደ ሆነ አሸንዳው ይሞላና ውሃው በወንበሮቹ ኋላ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ጎሚኒው ሁሉ በወርቅ ቢለወጥ እንኳ ይህን ውሃ አያስቀረውም።

ጋሼ በአንድ ስኒ ውሃ በግራው ቀዳዳ ላይ አፈሰሱ። ከመኪናው ሥር ያጎነበስነው እኛ ምንም አላየንም። ገመዱን ቀስ እያሉ እያሽከረከሩ አስገቡት። ሽቦ በዚህ ሥራ ላይ አይነካም፤ ቱቦውን ይበሳዋል ወይም ከቦታው ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው ጨርሶ የማይደረስበት ቦታ ይፈሳል። ገመዱ ጫፉ ድቡልቡል የሆነው ለዚሁ ነበር። ከጥቂት ሙከራ በኋላ በመጀመሪያ ጥቁር ጭቃ፥ ቀጥሎ የቅጠል ጅማት፥ በመጨረሻም ብዙ ውሃ ከኋላ ጎማው ፊት ተንዠቀዠቀ። ልጁ በቀኙ በኩል ያለውን እኔ ልሥራው አለ፥ ሠራውም። እናትየው በደጃፉ ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ ውሃው ሲወርድ ባዩ ጊዜ ወደ ቤት ገቡ።

ከዚህ በላይ የሚያሠጋው ግን ዝገቱ ነበር። ሞልቶ የፈሰሰው ውሃ በበሩ ደፍ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ ጣሪያ የሌለው አውቶሞቢል ጥንካሬውን የሚያገኘው ይልቁንም ከደፎቹ ነውና የደፍ ዝገት የመልክ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። በሜሪላንድ በክረምት መንገዱ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ደግሞ ከውጭ በኩል ያግዘዋል። ጋሼ ደፉን በካቻቢቴው እጀታ እየመቱ አዳመጡት፤ ደኅናው ብረት ይጮኻል፥ የተበላው ብረት ይደነቁራል። በግራው ደፍ ኋለኛ ጫፍ ላይ ወስፌ ቢያስጠጉ ገባ፤ ቀዳዳው የመዳፍ ግማሽ ያህል ሆነ። ቀኙ ደኅና ነበር። ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉ ሲታይ ግን ከላይ ከላይ ከዛገ በቀር ጤነኛ ነው። ያ ጋራዥ ለቁርጥራጭ ብረት ሽጠው ያለው ወለሉን ሳያይ ነበር ማለት ነው።

የግራውን ደፍ እቤት መጠገን አይገባም። ዝገቱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ግን የተሰበረን እግር በሻሽ መጠቅለል ነው። የበሰበሰው ላሜራ ደኅናው ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ አዲስ ተበየደ፤ የሆዱም ውስጥ ዝገት በሚከላከል ሰም ተረጨ። ከጠቅላላው ሥራ ከፍ ያለ ገንዘብ የወጣው በዚህ ነው። ምንጣፉና ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ወጥተው ብዙ ቀን ደረቁ፤ የሻገተው ስፖንጅ ግን ስለ ልጂቱ ደረት ተብሎ ተጥሎ በአዲስ ተለወጠ።

የተላጠውን የመስተዋት ክፈፍ ለመጨረሻ ያቆዩት ልጁ ራሱ እንዲሠራው ነው። በበሩ አናት፥ ከመስተዋቱ ግርጌ የሚዘረጋው ይህ ክፈፍ ብረት ላይ የለበሰ ጥቁር ሽፋን ነው። ፀሐይ ሽፋኑን ታሰነጥቀዋለች፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባና ከሥር ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱም አብጦ የቀረውን ሽፋን ይገፋዋል። በዚህ ላይ እንዳለ ቀለም ቢቀቡበት ቀለሙ ከተላጠው ጋር አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ልጁ የአካሉን ቀለምና መስተዋቱን በወረቀትና በስኮች ሸፍኖ፥ የለቀቀውን ሁሉ በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቆ፥ በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪነጣ፥ ቀጥሎም በ600 ቁጥር እስኪለሰልስ ፈገፈገው። በአልኮል ጠርጎ ከዚያ በኋላ በእጁ አልነካውም፤ የጣት ወዝ ቀለሙን ያስለቅቃልና። መጀመሪያ ፀረ ዝገት፥ ከዚያም ብዙ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም በስሱ ሦስት ጊዜ፥ በየመካከሉ እያደረቀ ረጨው። በአንዳንድ አውቶሞቢሎች ይህ ክፈፍ አሉሚኒዮም ነው፤ ያን ጊዜ ብረቱን ነክሶ የሚይዝ ልዩ የመጀመሪያ ቀለም ካልተቀባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። አየሩ እርጥብ ወይም ብርድ በሆነ ቀን መቀባት አይገባም፤ አፍንጫንም በመከላከያ ሸፍኖ በደጅ መሥራት ነው።

መስተዋቱን የሚጠርገው የክፈፉ ለስላሳ ከንፈር ግን ከደረቀና ከተቆረጠ በቀለም አይመለስም። የቀኙ ከንፈር እንዲህ ሆኖ ስለ ተገኘ አዲስ ክፈፍ ተገዛለት። ልጁ ግራው የተቀባ፥ ቀኙ አዲስ በመሆኑ ልዩነቱ ይታያል ብሎ ያዝን ነበር፤ እኛ ፈልገን አላየነውም።

ወር ካለፈ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። እናትየው በሦስተኛው ቀን ማለዳ፥ ልጁ ሳይነሣ፥ ነጠላቸውን ደርበው ወጥተው ከወንበሮቹ ኋላ ያለውን ምንጣፍ በእጃቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነበር። እሑድ ልጂቱ ከወንድሟ ጋር ተቀምጣ ደርሳ መጣች፤ አልሳለችም። የናይሎኑ ገመድ አሁን የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ የለም፤ በቤቱ በር አጠገብ ከቁልፎቹ ጋር በአንድ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። የኋላው የፕላስቲክ መስተዋት ደብዝዞ ከኋላ የሚመጣውን በጉም ውስጥ እንዳለ ያሳያልና፥ ልጁ ለእርሱ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሯል።